«ዶክተር፣ ለልጄ ምን ዓይነት መጽሐፍ ልግዛለት?» ሳቁን ተከተሉ!



በውስጥ መስመር የሚደርሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ሳል፣ ስለ ትኩሳትና ስለ «ምግብ እምቢ አለኝ» ናቸው። ሰሞኑን ግን አንድ ለየት ያለ ጥያቄ እየተደጋገመብኝ ነው፦ «ዶክተር፣ ልጄን ከስልክ ላላቅቀው ብዬ መጽሐፍ ገዛሁለት፤ አንዴ ገልጦ ወረወረው። ምን ዓይነት ልግዛለት?»

«ይሄ ደግሞ ምኑ የጤና ጥያቄ ነው?» ትሉ ይሆናል። ነው እንጂ! የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ምክር፣ ሐኪሞች ስለ ክትባትና ስለ አመጋገብ እንደሚነግሩ ሁሉ ወላጆች ከጨቅላነት ጀምሮ ለልጆቻቸው ጮክ ብለው እንዲያነቡ እንዲመክሩ አሳስቧል። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ሁለት ዓመት ላልሞላቸው ልጆች ስክሪን ፊት ቁጭ ብሎ መዋልን አይመክርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉት ደግሞ ቢበዛ በቀን 1 ሰዓት፣ ቢያንስ ግን የተሻለ ነው ይላል።

እሺ፣ ስልኩን ቀማን። በምን እንተካው? ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ብዙዎቻችን የምንገዛው መጽሐፍ እኛን የሚያስደስተንን ነው። ፊደል ያለበት፣ የእንግሊዝኛ ቃላት የተደረደሩበት፣ መጨረሻው ላይ «ስለዚህ ልጆች ሆይ፣ ታዛዥ ሁኑ» የሚል። ልጁ ደግሞ አይዋሽም፤ ካልጣመው ይወረውረዋል። ትንሽ ልጅ መጽሐፍን የሚወደው ስለሚያስተምረው አይደለም። ስለሚያስቀውና እቅፋችን ውስጥ ስለሚያስገባው ነው። ትምህርቱ ከዚያ በኋላ ራሱ ይመጣል።

ስለዚህ የዛሬው ምክሬ አጭር ነው፦ ልጃችሁ አሁን በምን እንደሚስቅ እዩና መጽሐፉን በዚያ ምረጡ።

ሳቅ የአእምሮ ዕድገት ምልክት ነው

ልጅ አንድን ቀልድ «ገባው» ማለት አእምሮው ውስጥ አንድ ነገር በስሏል ማለት ነው። የአንድ ዓመቱን ልጅ የሚያስቀው የአምስት ዓመቷን አይነካትም፤ የእሷ ቀልድ ደግሞ ለእሱ ምንም ማለት አይደለም። በየዕድሜው እንየው።

1. ከልደት እስከ 1 ዓመት

አዲስ የተወለደ ሕፃን ጥርት አድርጎ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ድረስ ነው፤ ጡት ሲጠባ ከእናቱ ፊት ያለው ርቀት መሆኑ ነው። ስለዚህ ትልልቅ የፊት ሥዕሎች፣ ጥቁርና ነጭ ወይም ደማቅ ቀለሞች ይስቡታል። ድምፅ አውጥቶ መሳቅ የሚጀምረው በ4 ወር አካባቢ ነው። ከ8 ወር ገደማ በኋላ ደግሞ ፊታችንን በነጠላ ሸፍነን ድንገት ስንገልጠው በሳቅ ይፈርሳል። ለምን? የተሸፈነ ነገር እንዳልጠፋ ገና አሁን ስለገባው ነው! ለዚህ ዕድሜ ክዳን የሚከፈትባቸውና ከሥሩ እንስሳ ወይም ፊት ብቅ የሚልባቸው ባለ ወፍራም ካርቶን መጻሕፍት ተመራጭ ናቸው። መጽሐፉን ቢያላምጠው አትቆጡት፤ በዚህ ዕድሜ ነገር የሚመረመረው በአፍ ነው። ብቻ ተቀዶ ወይም ተነቅሎ ሊያንቀው የሚችል ትንሽ ቁራጭ እንዳይኖረው ተጠንቀቁ።

2. ከ1 እስከ 2 ዓመት

የዚህ ዕድሜ ንጉሥ ድግግሞሽ ነው። ላሟ «እምቧ»፣ በጓ «ባዕ»፣ ድመቷ «ሚያው»። እያንዳንዱ ገጽ ላይ አንድ ትልቅ ሥዕል፣ አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ይበቃል። እናንተ አንዱ ገጽ ላይ ስትደርሱ ሁልጊዜ «ሃፕችሽ!» ብታስነጥሱ፣ በሦስተኛው ቀን ገጹ ሳይገለጥ መሳቅ ይጀምራል። ቀጥሎ የሚመጣውን ማወቁ ነው የሚያስቀው።

3. ከ2 እስከ 3 ዓመት ተኩል

አሁን ደግሞ ቦታውን የሳተ ነገር ያስቃቸዋል። ጫማ ጭንቅላት ላይ፣ ፍየል አልጋ ላይ፣ ዶሮ መነጽር አድርጋ። በዚህ ለመሳቅ ግን ጫማ የእግር መሆኑን በቅድሚያ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ሳቁ «አውቄያለሁ!» የሚል መልእክት አለው። የኤሪክ ካርል የተራበው አባጨጓሬ መጽሐፍ (የታተመው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው) በዚህ ዕድሜ የሚወደደው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። አባጨጓሬ ቅጠል እንጂ ኬክና አይስክሬም ሲበላ ማን አይቷል? ገጾቹ ላይ የተበሱት ቀዳዳዎች ደግሞ ለትንሽ ጣት የተሠሩ ናቸው።

4. ከ4 እስከ 6 ዓመት

እዚህ ጋር ትልቅ ለውጥ አለ። ልጁ እሱ የሚያውቀውን ነገር ሌላው ሰው ላያውቅ እንደሚችል ይገባዋል። ማሞ ቂሎን አስታውሱት፤ እናቱ የመከረችውን በማግሥቱ በማይሆን ቦታ የሚጠቀመው ልጅ። በማሞ ለመሳቅ ሦስት ነገር ባንድ ጊዜ መያዝ ያስፈልጋል፦ እናቱ ምን እንዳለች፣ ማሞ ምን እንደገባው፣ ትክክሉ ምን እንደነበር። የሦስት ዓመት ልጅ ዝም ብሎ ያያችኋል፤ የአምስት ዓመቷ ግን «እንደሱ አይደለምኮ!» ብላ ትንከተከታለች። ጦጣ ጅብን የምታታልልባቸው ተረቶችም የዚህ ዕድሜ ናቸው። በነገራችን ላይ የፈስ ቀልድም በዚህ ዕድሜ ዙፋን ላይ ነው። አትደንግጡ፣ ጤነኛ ናቸው።

5. ማንበብ ሲጀምሩ

ከ6 ዓመት በኋላ ራሳቸው እንዲያነቡት ቀላል፣ ፊደሉ ጎላ ያለ፣ ሥዕሉ ቃሉን የሚያግዝ ቀልደኛ መጽሐፍ ስጧቸው። ግን «አሁንማ ራሱ ያነባል» ብላችሁ እናንተ ማንበባችሁን አታቁሙ። ጆሮው የሚረዳው ታሪክ ዓይኑ ከሚያነበው ገና ይበልጣል።

አንጀት የሚያርስ ሲባልስ?

ሳቅ ብቻውን አይበቃም። ጥሩ የልጆች መጽሐፍ ሲዘጋ ልጁን ደህና ቦታ ያስቀምጠዋል። የጠፋው ጫጩት እናቱን ያገኛል፤ የተኳረፉት ጓደኛሞች ይታረቃሉ፤ የፈራው ልጅ አንድ ሰው እጁን ይይዘዋል። ታሪኩ ውስጥ ፍርሃትና ሐዘን መኖሩ ችግር የለውም፤ እንዲያውም ይጠቅማል። ልጁ በእናንተ እቅፍ ሆኖ ትንሽ ይፈራና ተመልሶ ይረጋጋል። ታናሽ ሲወለድበት፣ ቤት ስትቀይሩ ወይም መርፌ ሲጠብቀው ያንኑ ጉዳይ በቀልድ የሚያነሳ መጽሐፍ ከብዙ ማባበያ ይሻላል።

ነገር ግን ጅብ እናትን የሚበላበትን ተረት ለሦስት ዓመት ልጅ በመኝታ ሰዓት አታንብቡ። «ካልተኛህ ይሄ ጅብ ይመጣብሃል» ማለትማ መጽሐፉን ራሱ ማስፈራሪያ ማድረግ ነው።

መደብር ውስጥ የ3 ደቂቃ ፈተና

ከመክፈላችሁ በፊት እነዚህን አምስት ነገሮች ሞክሩ፦

1. ጽሑፉን በእጃችሁ ሸፍኑ። ሥዕሉ ብቻውን ታሪኩን ይነግራችኋል? ከነገራችሁ ጥሩ ምልክት ነው።

2. ሁለት ገጽ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ። አንዳንድ ትርጉሞች አማርኛቸው ምላስ ላይ ይንቀረፈፋል። እናንተን ከያዛችሁ ልጁን አይስበውም።

3. የሚሳቅበት ማን ነው? በራሱ ተንኮል የወደቀ ጅብ ያስቃል። በአካል ጉዳቱ፣ በውፍረቱ፣ በቆዳው ቀለም ወይም በድህነቱ የሚሳቅበት ሰው ካለ ግን መልሱት። ልጁ ነገ መዋዕለ ሕፃናት ሄዶ ይደግመዋል።

4. የመጨረሻውን ገጽ እዩ። ልጁ ምን ይዞ ይተኛል? እፎይታ ወይስ ስብከት?

5. ራሳችሁን ጠይቁ፦ ይህን መጽሐፍ ሃያ ጊዜ ማንበብ እችላለሁ? ምክንያቱም ከወደደው ሃያ ጊዜ ታነቡታላችሁ። «ድገሚልኝ» ማለቱ ድርቅና አይደለም፤ አዳዲስ ቃላትን የሚይዘው በመደጋገም ነው።

ከየት እናግኝ? ውድ ነውኮ!

እውነት ነው፣ ዋጋው ይከብዳል። ግን መንገድ አለ። አዲስ አበባ ያላችሁ 4 ኪሎ የሚገኘው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በ2014 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ የልጆች ክፍል አለው፤ ቅዳሜን እዚያ አሳልፉ። በየመንገዱ ዳር ያገለገሉ መጻሕፍት ከሚሸጡት ጋርም የልጆች መጽሐፍ አይጠፋም። ስልክ ላይ ደግሞ «አፍሪካን ስቶሪቡክ» እና «ስቶሪዊቨር» የተባሉ ድረ ገጾች አማርኛን ጨምሮ በብዙ ቋንቋዎች ባለሥዕል ታሪኮችን በነፃ ያቀርባሉ። «ስልክ አትስጡ አላልክም ወይ?» ለምትሉኝ፦ ልዩነቱ ስልኩን ማን ይዞታል የሚለው ነው። እናንተ ይዛችሁ፣ እያነበባችሁ፣ እያወራችሁ ከሆነ ሌላ ነገር ነው። ከተቻለ ግን ወረቀቱ ይሻላል።

ውጭ አገር ላላችሁ ቤተሰቦቻችንም አንድ ነገር ልበል። አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ሳን ፍራንሲስኮ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሲሠሩ ለልጆች የሚሆን የአማርኛ መጽሐፍ ማጣታቸው ቆጭቷቸው የማሞን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ አዘጋጁ። በኋላም አገር ቤት ተመልሰው የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ዛሬ እንዲህ ያሉ ባለሁለት ቋንቋ መጻሕፍት በርከት ብለዋል። «ሁለት ቋንቋ ልጁን ያደናግረዋል» የሚባለውን አትስሙ፤ ሁለት ቋንቋ መስማት የንግግር መዘግየትን አያመጣም። በደንብ በምትስቁበት ቋንቋ አንብቡለት።

«እኔ ማንበብ ብዙም አልችልም»

አንድ የታክሲ ሹፌር አባት ይህን ሲነግረኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር። «ከአራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት ዶክተር፤ እናቱ ደግሞ አረብ አገር ናት። ማን ያንብብለት?» ልጁ ሁለት ዓመት ከግማሽ ነው፤ ቀን ቀን ከአያቱ ጋር፣ በአብዛኛው ከስልክ ጋር ይውላል። ጽሑፍ የሌለው ወይም አንድ ሁለት ቃል ብቻ ያለው የሥዕል መጽሐፍ እንዲፈልግ ነገርኩት። ታሪኩን ራሱ እንዲፈጥር፣ አያትየዋም በራሳቸው እንዲያወሩ። ለሳል ተመልሶ ሲመጣ እየሳቀ እንዲህ አለኝ፦ «ትናንት ፍየሏን ዝንጀሮ ብዬ ጠራኋት፤ ‹አባ፣ ተሳሳትክ!› አለኝ።»

ይህን ያነሳሁት ብዙ ወላጅ በዚሁ ተሸማቆ መጽሐፍ ቤቱ ስለማያስገባ ነው። የሥዕል መጽሐፍ ፈተና የለውም። ሥዕሉን እዩና አውሩ፤ ልጁ ገጹን ይግለጥ፤ ቀልዱ ጋ ከመድረሳችሁ በፊት ትንሽ ዝም በሉና «ከዚያስ?» በሉት። በቀን 10 ደቂቃ ይበቃል። አያት፣ ሞግዚት፣ ታላቅ እህት፣ ማንም ሊያደርገው ይችላል።

ሐኪም ጋ የሚያስኬዱ ምልክቶች

መጽሐፍ መልካም ነገር ነው፤ ምርመራን ግን አይተካም። የሚከተሉት ካሉ «ወንድ ልጅ ዘግይቶ ነው የሚያወራው» ብላችሁ አትጠብቁ፦

• 1 ዓመት ሞልቶት እንደ «ባባ፣ ዳዳ» ያለ ድምፅ ካላሰማ፣ በጣቱ ካላመለከተ ወይም ስሙ ሲጠራ ካልዞረ
• 1 ዓመት ከ4 ወር ሆኖት አንድም ቃል ከሌለው
• 2 ዓመት ሞልቶት «ውሃ ስጪኝ» እንደሚል ሁለት ቃል ካላገጣጠመ
• በማንኛውም ዕድሜ ይናገረው የነበረውን ቃል ካጣ፣ ወይም ከእናንተ ጋር ዓይን ለዓይን ተያይቶ መሳቅ ካቆመ

ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ይችላል፤ የመስማት ችግርም አንዱ ነው። በጊዜ ከታወቀ ብዙ የሚደረግ ነገር አለ።

ለማጠቃለል፦ ለዕድሜው በሚመጥን ቀልድ ምረጡ፣ ሥዕሉ የሚናገር ይሁን፣ ደካማ የማይሳቅበት ይሁን፣ መጨረሻው ያረጋጋ፣ እናንተንም ያስቃችሁ።

ልጃችሁ «ድገሙልኝ» እያለ ያስቸገራችሁ መጽሐፍ የትኛው ነው? ኮሜንት ላይ ጻፉት፤ ሌላ እናት ወይም አባት ይጠቀምበታል። ትናንሽ ልጆች ላሏቸው ወዳጆቻችሁም ሼር አድርጉላቸው።

ጤናና ሳቅ ከቤታችሁ አይጥፋ!