ራምቦ ያልኖረበት ራምቦ ቤት

ከሐረር ፈረስ መጋላ አደባባይ ተነሥተው መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ሲወርዱ፣ የልብስ ሰፊዎቹ መኪና ጩኸት ከጆሮ ሳይጠፋ ወደ ጎን የሚታጠፍ ጠባብ መንገድ አለ። እሱን ይዞ የሄደ ሰው ከአሮጌው ከተማ፣ ከጀጎል፣ ግንቦች በላይ አንገቱን ያሰገገ ባለፎቅ የእንጨት ቤት ፊት ይቆማል። የሠፈሩ ሰው «ራምቦ ቤት» ይለዋል። ዛሬ ሙዚየም ነው፤ ስለ ፈረንሳዊው ገጣሚ ስለ አርተር ራምቦ ሕይወት የሚያወሱ ሰሌዳዎችና የድሮዋን ሐረር የሚያሳዩ ፎቶግራፎች አሉበት። መግቢያ ይከፈላል። ይህን ያህሉን ማንም ይነግራችኋል።

የማይነገረው ሌላ ነው፤ አርተር ራምቦ እዚህ ቤት ውስጥ አንድም ሌሊት አላደረም።

ፈረንሳዊው ሐረር የገባው በ1873 ዓ.ም. ነው። ከተማዋ ያኔ በግብፆች እጅ ነበረች። እሱ ደግሞ ግጥም መጻፍ እርግፍ አድርጎ የተወ፣ ለባርዴ የንግድ ድርጅት ቡናና ቆዳ የሚገዛ የ26 ዓመት ተቀጣሪ ነበር። እየሄደ እየተመለሰ ሦስት ጊዜ ተቀምጦባታል፤ በመካከሉም ጠመንጃ አስጭኖ ሸዋ ድረስ ወጥቶ ለንጉሥ ምኒልክ ሸጧል። በ1883 ዓ.ም. ጉልበቱ አብጦ መራመድ ሲያቅተው በቃሬዛ ወደ ዘይላ ወደብ ወረደ። በኅዳር 1884 ዓ.ም. ማርሴይ ላይ ሲሞት ገና 37 ዓመቱ ነበር። ይህን ቤት አንድ ሕንዳዊ ነጋዴ ያሠራው ግን ከዚያ በኋላ፣ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ሲጠባ ነው። ሙት ተነሥቶ ካልተከራየ በቀር ነገሩ አይገጥምም።

ይህን ስናገር ፊታቸው የሚጠቁርብኝ አሉ። አንድ አስጎብኚ «ጋሼ፣ እንግዳው ደስ ብሎት ቢሄድ ምን አለበት?» ብሎኛል። አንዲት ጎብኚ አልጋው የትኛው ክፍል ውስጥ እንደነበር አጥብቃ ስትጠይቅም ሰምቻለሁ። «ቀድሞ በዚሁ ቦታ ላይ በነበረ ሌላ ቤት ውስጥ ኖሯል» የሚሉም አይጠፉም። ይሁንላቸው፤ ያ ቤት ግን ይህ አይደለም።

የራምቦን ሐረር የፈለገ ራሱ ያነሣቸውን ፎቶዎች ይይ። ካሜራ ከፈረንሳይ አስመጥቶ በ1875 ዓ.ም. ራሱን ሦስት ቦታ አንሥቷል፤ አንዱን በቤት ሰገነት ላይ፣ አንዱን በቡና ተክል፣ አንዱን በሙዝ ተክል መካከል። ለቤተሰቡ ሲልክም ያጠበበት ውሃ መጥፎ ስለሆነ ምስሎቹ እንደነጡ ጽፏል። እውነትም ፊቱ በደንብ አይለይም። እነዚያ የደበዘዙ ፎቶዎች ከየትኛውም የቤት ስም ይልቅ ወደ ሰውዬው ያቀርባሉ።

እኔን የሚያናድደኝ የፈረንሳዊው ስም የቤቱን የራሱን ታሪክ መሸፈኑ ነው። የሐረሪ ቤት ሀብቱን ለመንገደኛ አያሳይም። ከውጭ ግንብና በር ብቻ ነው፤ ጌጡ ሁሉ ከውስጥ ነው፤ ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩት ነደባዎች (የመቀመጫ መደቦች)፣ ግድግዳው ውስጥ የተቦረቦሩት የዕቃ ማስቀመጫዎች፣ የተሰቀለው ሙዳይና ሰሐን። የሕንዱ ነጋዴ ቤት ተቃራኒው ነው። የተጠረበ እንጨቱን፣ በረንዳውን፣ ባለቀለም መስታወቱን ለአላፊ አግዳሚው ዘርግቶ ያሳያል። ፎቁ ላይ ሲወጡ የጀጎል ጣሪያዎች ከእግር ሥር ይነጠፋሉ። ኮርኒሱም በቀለም ያጌጠ ነው። ታዲያ ስንቱ ጎብኚ ነው በራምቦ ምስል አጠገብ ፎቶ ተነሥቶ፣ አንዴ እንኳ ቀና ሳይል የሚወጣው! በመቶ ዓመት እንጨት ላይ ክርኑን አስደግፎ ስልክ የሚያወራውንማ ተዉት።

እንዲህ ያለው ቤት ጀጎል ውስጥ እንዴት በቀለ? ንጉሥ ምኒልክ ድል ካደረጉበት ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ፣ በ1879 ዓ.ም.፣ ሐረር በራስ መኮንን ሥር ሆነች፤ ከባሕር ማዶ የመጡ ነጋዴዎችም በረከቱባት። ሕንዶቹ ከሸቀጣቸው ጋር የአገራቸውን አናጢነት ይዘው መጡ። ከጂቡቲ የመጣው ባቡር ግን የሐረርን ተራራ መውጣት ስላልሆነለት በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ ቆመ፤ ንግዱም ቀስ በቀስ ቁልቁል ተከተለው። ነጋዴ የሄደበት ትልቅ ቤት ደግሞ ሌላ ሥራ መፈለጉ አይቀርም።

ይህን በደንብ የሚያሳየው ጎረቤቱ ነው። የራስ ተፈሪ ቤት የሚባለውም የሕንድ ነጋዴ ሥራ ነው፤ ከበሩ በላይ የዝሆን ራስ ያለው የሂንዱ አምላክ፣ ጋኔሽ፣ ተቀርጾበታል። ተፈሪ ገና ደጃዝማች ሳሉ የጫጉላ ጊዜያቸውን እዚያ አሳለፉ ይባላል። ኋላ የባህል ሐኪም ከነቤተሰቡ ኖረበት። አሁን አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ በመኖሪያ ቤታቸው ሲሰበስቡ የኖሩት የሐረር ቅርስ፣ የእጅ ጽሑፉና ሳንቲሙ፣ ማረፊያ ሆኗል። ከነጋዴ ወደ መስፍን፣ ከመስፍን ወደ መድኃኒተኛ፣ ከመድኃኒተኛ ወደ ሙዚየም።

ራምቦ ቤት ስሙን ይቀይር አልልም፤ ስሙ እንግዳ ይጠራል፣ እንግዳም ጣሪያ ያሳድሳል። ግን በሩ ላይ አንዲት መስመር ትጨመርለት፤ «ይህን ቤት ሕንዳዊ ነጋዴ አሠራው፤ ራምቦ አላየውም።» አስጎብኚዎቹም ከዚያ ይጀምሩ።