ፍሬን ሲያዝ መሪው ለምን ይንቀጠቀጣል?

በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የምትሄድ፣ 1200 ኪሎ ግራም የምትመዝን የቤት መኪና ፍሬን ተይዞ ስትቆም ያ ሁሉ ጉልበቷ የት ይገባል? ሙቀት ይሆናል። ሒሳቡ ሲሠራ ወደ 300 ሺህ ጁል ይመጣል። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ ይህ ጉልበት አንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ነው። መኪናዋ ግን ይህን ሙቀት የምታወጣው በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ነው። አብዛኛውን የሚቀበለውም ከቸርኬው ጀርባ ያለው ክብ ብረት፣ ዲስኩ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ የፍሬን ዘይቱ ግፊቱን በቧንቧ ወደ ካሊፐሩ ያደርሳል። ካሊፐሩ ውስጥ ያለው ፒስተን ይወጣና ሁለቱ የፍሬን ሸራዎች ዲስኩን ከውስጥና ከውጭ ጨምቀው ይይዙታል። መኪና ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ ትልቁን ሥራ የሚሠሩት የፊት ፍሬኖች ናቸው። ብዙ ትንንሽ መኪኖች ከኋላ እስከ ዛሬ በታምቡር የሚሄዱትም ለዚህ ነው። ከላይ ባነሳነው አቋቋም የፊት ሁለቱ ዲስኮች እያንዳንዳቸው 5 ኪሎ ግራም ቢመዝኑ፣ በአንድ ጊዜ ብቻ ሙቀታቸው በ40 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። ሳይቀዘቅዙ ደግሞ ሲያዝ ሌላ 40፣ ከዚያም ሌላ 40 እያለ ይሄዳል።

እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ላንቸስተር የዲስክ ፍሬንን የፈጠራ መብት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። ዓለም የተቀበለው ግን ጃጓር በ1953 በሌ ማን የመኪና ውድድር ላይ በዲስክ ፍሬን ከሮጠና ካሸነፈ በኋላ ነበር። ታምቡር ሙቀቱን ውስጡ አፍኖ ይይዛል፤ ዲስክ ግን ነፋስ ላይ የተገለጠ ነው። የፊት ዲስኮች አብዛኞቹ ደግሞ አንድ ወፍራም ብረት አይደሉም። ሁለት ቀጫጭን ገጾች ናቸው፤ በመሃላቸው ነፋስ የሚያልፍባቸው ክፍት ቦታዎች አሉ። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ቶርኖ ቤት ስንደርስ ታስፈልገናለች።

ሸራውም ዲስኩም እንዲያልቁ ተደርገው የተሠሩ ናቸው፤ ልዩነቱ ሸራው ቶሎ፣ ዲስኩ ቀስ ብሎ ማለቁ ነው። አዲስ ሸራ 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት አለው፤ 3 ሲደርስ መቀየር አለበት። ብዙ ሸራዎች ላይ አንዲት ቀጭን የብረት ምላስ አለች። ሸራው ሲሳሳ ዲስኩን እየነካች ትጮሃለች። ያንን ጩኸት ችላ ያለ ሰው ቀጥሎ የሚሰማው የብረትና የብረት መፋጨት ነው፤ ያኔ የሚከፈለው የሸራ ብቻ ሳይሆን የዲስክም ዋጋ ነው። ዝናብ ያደረበት ወይም ለቀናት የቆመ መኪና ጠዋት ላይ የሚያሰማው ድምፅ ግን ሌላ ነው። ዲስኩ ላይ ያደረ ስስ ዝገት ስለሆነ ጥቂት ጊዜ ፍሬን ሲያዝ ተጠርጎ ይጠፋል፤ ገንዘብ የሚያስወጣ ነገር የለውም።

ዲስክ አለቀ ወይስ አላለቀም የሚለው በዓይን አይፈረድም። እያንዳንዱ ዲስክ ላይ፣ ብዙ ጊዜ በጠርዙ ወይም በመሃል ባለው ጎድጓዳ ክፍል ላይ፣ ዝቅተኛው ውፍረት በሚሊ ሜትር ተቀርጾ ይገኛል። ለምሳሌ አዲስ ሲሆን 22 ሚሊ ሜትር የሆነ ዲስክ ወሰኑ 20 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሚያልቀው ብረት በሁለቱም ገጽ ተደምሮ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ሲለካ አንድ ወጥመድ አለ፤ ሸራው የማይደርስበት የዲስኩ ጠርዝ ስለማይፋቅና ስለሚዝግ ዙሪያውን ከፍ ብሎ ይቀራል። ቬርኒየር ከውጭ በኩል ሲገባ ያንን ጠርዝ ይነክስና ያለቀውን ዲስክ ገና ነው ያሰኛል። መላው ቀላል ነው። እኩል የሆኑ ሁለት ሳንቲሞች ወስዶ አንዱን ከውስጥ ሌላውን ከውጭ፣ ሸራው በሚሄድበት ቦታ ላይ ደግፎ፣ ከነሳንቲሞቹ መለካትና የሳንቲሞቹን ውፍረት መቀነስ። በዙሪያው ብዙ ቦታ ላይ ይለካና ትንሹ ቁጥር ይያዛል።

አሁን ወደ መንቀጥቀጡ። ፍሬን ሲያዝ መሪው ይንቀጠቀጣል፣ ፔዳሉም እግርን መልሶ ይገፋል። መካኒኩ «ዲስኩ ተጣሟል» ይላል። ብዙውን ጊዜ ዲስኩ በሙቀት እንደ ቆርቆሮ አልተጣመመም። የሆነው አንዱ ቦታ ከሌላው መሳሳቱ ነው፤ ልዩነቱም እጅግ ትንሽ ነው። 0.02 ሚሊ ሜትር እንኳ መሪ ላይ ሊሰማ ይችላል። ዲስኩ ሲዞር ወፍራሙ ቦታ በሸራዎቹ መሃል ባለፈ ቁጥር ፒስተኑን ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ግፊቱም በዘይቱ በኩል እግር ድረስ ይመጣል።

ታዲያ አንድ ቦታ ከሌላው እንዴት ሳሳ? ዋነኛው ምክንያት ዲስኩ ሲገጠም ቀጥ ብሎ አለመቀመጡ ነው። ዲስኩ የሚያርፍበት የብረት ገጽ ላይ ትንሽ የዝገት ቅርፊት ካለች፣ ወይም የጎማው ዳዶዎች አንዱ ላልቶ ሌላው ከልክ በላይ ከጠበቀ፣ ዲስኩ ሲዞር ወዲህና ወዲያ ይወዛወዛል። ውዝዋዜው የሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ቢሆን ነው። የመጀመሪያው ቀን ማንም አይሰማውም። ነገር ግን ፍሬን ሳይያዝ እንኳ ያ ወጣ ያለ ቦታ በዞረ ቁጥር ሸራውን ነካ ያደርጋል። የትንሽ መኪና ጎማ በአንድ ኪሎ ሜትር ከ500 ጊዜ በላይ ይዞራል፤ ሺህ ኪሎ ሜትር ሲሆን ግማሽ ሚሊዮን ጊዜ መነካካት ነው። ቦታው እየሳሳ ይሄድና መንቀጥቀጡ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ይጀምራል። ያኔ ጎማውን ያሰረውን ሰው ማንም አያስታውሰውም፤ ጥፋቱ ሁሉ በዲስኩ ጥራት ላይ ይላከካል። አዲስ ዲስክ ተገዝቶ በዚያው ዝገት ላይ ይገጠማል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ መንቀጥቀጡ ይመለሳል።

ለዚህ ነው ጎሚስታ ቤት ጎማ ሲታሰር ቆሞ ማየት ይገባል የምለው። በአየር የሚሠራው መፍቻ ዳዶውን እስኪጮህ ድረስ መጨረሱ ጥሩ ሥራ ይመስላል፤ አይደለም። ዳዶዎቹ በእጅ ከተያዙ በኋላ በተራ ሳይሆን ፊት ለፊት እየተሻገሩ መጥበቅ፣ መጨረሻውም በቶርክ መፍቻ መሆን አለበት። ለብዙ ትንንሽ የቶዮታ መኪኖች ልኩ 103 ኒውተን ሜትር ነው። የሌላውን የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ይነግራል።

ሁለተኛው ምክንያት የሾፌሩ እግር ነው። ረጅም ቁልቁለት ወርዶ ዲስኩ ሲግል፣ ታች ላይ መኪናውን አቁሞ ፔዳሉን እንደረገጡ መቆየት የጋለውን ሸራ በአንድ ቦታ ያትመዋል። የሸራው ቅሪት ዲስኩ ላይ ተለጥፎ ይቀራል፤ ያ ቦታም ከሌላው የተለየ አያያዝ ይኖረዋል። ከወረዱ በኋላ ጥቂት እየነዱ ማቀዝቀዝ፣ ሜዳ ላይ ከሆኑ ደግሞ በማርሽ ይዞ እግርን ከፔዳሉ ማንሳት ይሻላል።

መንቀጥቀጥ ሲመጣ የተለመደው መፍትሔ ዲስኩን አስፈትቶ ቶርኖ ቤት ማስላጥ ነው። ውፍረቱ ገና ከሆነ፣ ከተላጠም በኋላ ከወሰኑ በላይ ከቀረ፣ ነውር የለውም። እኔ ግን እንደ ነፃ ጥገና መታየቱን አልስማማበትም። 22 ሚሊ ሜትር ከሚባለው ውስጥ መሃሉ ነፋስ ነው። ቶርኖው የሚወስደው ከነፋሱ ሳይሆን ከሁለቱ ቀጫጭን ገጾች፣ ሙቀቱን ከሚሸከመው ብረት ነው። የሳሳ ዲስክ ያንኑ ሙቀት ተቀብሎ ይበልጥ ይግላል፣ ይበልጥም ለመሰንጠቅ ይቀርባል። ከወሰኑ በታች የሆነ ወይም እስከ ጠርዙ የዘለቀ ስንጥቅ ያለበት ዲስክ ደግሞ ቶርኖ ቤት ሳይሆን ብረት ለቃሚ ጋ ነው መሄድ ያለበት።

የሙቀቱ ነገር በእኛ አገር የሞት ሽረት ጉዳይ የሚሆነው ቁልቁለት ላይ ነው። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርድ መንገደኛ ከ1000 ሜትር በላይ ከፍታ ይለቃል። ያችው 1200 ኪሎ ግራም መኪና 1000 ሜትር ስትወርድ የምታወጣው ጉልበት 80 ላይ እየሄዱ 40 ጊዜ ከመቆም ጋር እኩል ነው። ይህን ሁሉ ዲስኩ ላይ መጫን አይቻልም። ሸራው ሲግል መያዝ ይተዋል፤ ሙቀቱ ወደ ዘይቱ ሲደርስ ደግሞ የባሰ ይመጣል። የፍሬን ዘይት እርጥበት ከአየር ይስባል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ አይፈላም፤ ውሃ ሲጠጣ ግን ይህ ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ዘይቱ ቧንቧ ውስጥ ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል፤ ፔዳሉ እግርን ምንም ሳይቋቋም ወለል ይነካል። «ፍሬን እምቢ አለኝ» የሚባለው አንዱ ይህ ነው። ዘይቱ በ2 ዓመት አንድ ጊዜ ይቀየር። ቁልቁለቱም በወጡበት ማርሽ ይወረድ፤ አውቶማቲክ ከሆነ ወደ ኤል ወይም ወደ 2 ዝቅ ይደረግ። ሞተሩ መኪናውን ሲይዝ ፍሬኑን ለአስፈላጊው ሰዓት ማትረፍ ይቻላል፤ ሲያዝም ጠበቅ አድርጎ ፍጥነቱን ቀንሶ መልቀቅ እንጂ እግርን ደግፎ ማውረድ አይገባም።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች በዝተዋል። እነርሱ ፍጥነት ሲቀንሱ አብዛኛውን ጉልበት ወደ ባትሪ ስለሚመልሱት ሸራና ዲስካቸው ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ሁለት ነገር ግን ልብ ይባል። ዲስኩ ብዙም ስለማይሠራ በዝገት ሊበላ ይችላል፤ አልፎ አልፎ ጠበቅ አድርጎ መያዝ ይጠርገዋል። ባትሪው ሙሉ ሆኖ ከተራራ ላይ ሲወረድ ደግሞ ጉልበቱ የሚገባበት ቦታ ስለሌለ ሸክሙ ወደ ዲስኩ ይመለሳል። ደጋ ላይ አድሮ ቆላ የሚወርድ ሰው ባትሪውን እስከ ጫፍ ባይሞላው ይመረጣል።

መቀየር ግድ ሲሆን ዲስክ በጥንድ ነው የሚቀየረው፤ የቀኝ ብቻ ተቀይሮ የግራ ከቀረ መኪናው ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጎን ሊስብ ይችላል። አዲስ ዲስክ ዝገት እንዳይነካው ዘይት ተቀብቶ ስለሚመጣ በፍሬን ማጽጃ ይጠረግ። የሚያርፍበት ገጽ በሽቦ ብሩሽ ብረቱ እስኪታይ ይፈተግ፤ ይህች የደቂቃዎች ሥራ የብዙ ሺህ ብር ዲስክ ታድናለች። ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ፒኖች ወጥተው ይጠረጉ፤ በተራ ግሪስ ሳይሆን ላስቲክ በማያሳብጥ የፍሬን ግሪስ ይቀቡ። ከተጣበቁ አንዱ ሸራ ብቻውን ያልቃል። አቧራው ደግሞ በአየር አይነፋ። አሮጌ ወይም ምንጩ ያልታወቀ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል፤ አስቤስቶስ ደግሞ ሳንባን የሚጎዳና ካንሰር የሚያመጣ ነገር ነው። በእርጥብ ጨርቅ ማንሳት የሠራተኛውንም ጤና መጠበቅ ነው።

ከዚያ ባዶ መንገድ ይፈለጋል። በ60 እየተሄደ ቀስ ብሎ ፍሬን ይያዝና ፍጥነቱ ወደ 15 ሲወርድ ሳይቆም ይለቀቅ። በየመሃሉ ጥቂት እየነዱ፣ እያቀዘቀዙ፣ ይህ አሥር ጊዜ ያህል ይደገም። የሸራው ቁስ በዲስኩ ዙሪያ እኩል የሚያርፈው በዚህ ጊዜ ነው። ለመጀመሪያዎቹ 200 ኪሎ ሜትሮችም፣ አደጋ ካልመጣ በቀር፣ ድንገተኛና ኃይለኛ ፍሬን አለመያዝ ነው።