ስለ ክኒኑ ሐኪሙን መጠየቅ ነውር አይደለም

ከሐኪም ዘንድ የተመለሰን ሰው «ምን አሉህ?» ቢሉት ብዙ ጊዜ መልሱ «ክኒን ሰጡኝ» ነው። መቼ እንደሚሠራና ምን ሊያስከትል እንደሚችል ሳያውቅ ይወጣል። የአእምሮ ሕመም ሲሆን ደግሞ ኀፍረቱም ቋንቋውም ተደርበው ጥያቄው አፍ ውስጥ ይቀራል።

መዘዙ ቀላል አይደለም። የድብርት መድኃኒት ጥቅሙ በደንብ የሚታየው ሳምንታት ቆይቶ ነው። ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታትና እንቅልፍ ማጣት ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊመጡ ይችላሉ። ይህ ያልተነገረው ሕመምተኛ «ጭራሽ አባሰብኝ» ብሎ በሳምንቱ ይጥለዋል። የተነገረው ግን ይታገሣል፤ ካልቻለም ከማቋረጡ በፊት ለሐኪሙ ይደውላል።

አደጋው ሲነገርም አነጋገሩ ለውጥ ያመጣል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2004 እ.ኤ.አ. እነዚህ መድኃኒቶች በልጆችና በታዳጊዎች ላይ ራስን የመግደል ሐሳብ ሊያመጡ እንደሚችሉ በጥቁር መስመር የተከበበ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍባቸው አዘዘ። በ2007 ደግሞ እስከ 24 ዓመት ያሉ ወጣቶችም ተጨመሩ። «አደጋው በእጥፍ ይጨምራል» ሲባል የማይደነግጥ ወላጅ የለም። ሲዘረዘር ግን እንዲህ ነው። ከ4,400 በላይ ልጆችና ታዳጊዎች በተካፈሉባቸው 24 ጥናቶች፣ መድኃኒት የሌለበት ክኒን ከወሰዱት ከ100 ሁለቱ፣ መድኃኒቱን ከወሰዱት ከ100 አራቱ እንዲህ ያለ ሐሳብ ወይም ድርጊት ታይቶባቸዋል። በጥናቶቹ ራሱን የገደለ አልነበረም። ሁለቱም አነጋገር እውነት ነው። ወላጅ ሳይሸበር ልጁን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቅርብ እንዲከታተል የሚረዳው ግን ሁለተኛው ነው።

ሐኪሙም ካልተነገረው የማያውቀው አለ። ሊቲየም የሚወስድ ሰው ሰውነቱ ውኃ ሲያጣ መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ በዝቶ ሊመርዘው ይችላል። ውኃ ሳይቀምሱ መጾም፣ ተቅማጥ፣ ብርቱ ላብ፣ እንደ አይቡፕሮፌን ያለ ማስታገሻም ለዚህ ይዳርጋሉ። ስለዚህ ሁዳዴ ወይም ረመዳን ከመግባቱ በፊት ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል።

በአሜሪካ ከፌዴራሉ መንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ ሐኪም ቤት አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ በሕግ ግዴታው ነው። ከድንገተኛ አደጋ በቀር ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ አይፈቀድለትም። እናት በልጅዋ አፍ የማትናገረው ብዙ ነገር አለና።

ወደ ሐኪም ሲኬድ አራት ጥያቄዎችን በወረቀት መያዝ ይበጃል፦
ከምን ያድነኛል? መቼ ይሠራል?
ከ100 ሰው ስንቱን ይጎዳል?
ምን ሲሰማኝ ልደውል?
ባልወስደውስ ምን ይሆናል?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ጥያቄውን የደበቀም እንዲሁ ነው።