የትርታ ቍጥርና የትርታ ፍጥነት

ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ ከተማ ርቆ በሚገኝ አንድ የገጠር ቀበሌ፣ አንዲት እናት ከወለደች በኋላ ደም አልቆም ብሏት በወሳንሳ ተይዛ ወደ ሐኪም ቤት ትወሰዳለች እንበል። ጎረቤቶቿ እየተፈራረቁ ይሸከሟታል፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሆነው ታናሽ ወንድሟም አብሮ ይጓዛል። ከሐኪም ቤት ሲደርሱ «በመንገድ ላይ እንዴት ነበረች?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ «ትርታዋ ፈጥኖ ነበር» ብሎ መመለስ ይችላል። ይሁን እንጂ «ስንነሣ በደቂቃ 96 ጊዜ ይመታ ነበር፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ 128 ደረሰ» ብሎ ቢመልስ፣ ሐኪሙ የሕመሙን አካሄድ ወዲያውኑ ይረዳል። የመጀመሪያው መልስ ስሜትን ሲገልጽ፣ ሁለተኛው ልኬትን ይገልጻል።

ትርታ ማለት ልብ በተኰማተረች ቍጥር በደም ቅዳዎች ግድግዳ ላይ የሚሰማው ምት ነው። ልብ ደምን ወደ ትልቁ ደም ቅዳ በምትገፋበት ጊዜ ግድግዳው ይለጠጣል፤ መለጠጡም ከቦታ ወደ ቦታ እየተላለፈ እስከ እጅ አንጓ ድረስ ይዘልቃል። ትርታን ለመቍጠር የሌባ ጣትንና የመሐል ጣትን ጫፍ ከታማሚው አንጓ ላይ፣ በአውራ ጣቱ በኩል፣ ቀስ አድርጎ ማሳረፍ ያስፈልጋል። የቈጣሪው አውራ ጣት የራሱ ትርታ ጐልቶ ስለሚሰማ ሊያሳስት ይችላልና ለዚህ ተግባር አይመረጥም። ባረፈ ጤናማ ጐልማሳ ዘንድ ቍጥሩ ብዙውን ጊዜ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ነው። ሩጫ፣ ድንጋጤ፣ ትኵሳትና የደም መፍሰስ ቍጥሩን ከፍ ያደርጉታል። ደም በሚፈስበት ጊዜ ልብ የቀረውን ጥቂት ደም ለአካል ሁሉ ለማዳረስ ደጋግማ ትመታለች፤ በመሆኑም የቍጥሩ መጨመር ብዙ ጊዜ የደም ግፊት ከመውረዱ አስቀድሞ የሚታይ የአደጋ ምልክት ነው።

ዛሬ በእጅ ስልክ ላይ ሰዓት ስላለ ደቂቃን መለካት አያስቸግርም። ሰዓት በሌለበት ግን አንዲት ጠጠር በክር ታስሮ ሊያገለግል ይችላል። ክሩ ከተንጠለጠለበት ነጥብ እስከ ጠጠሯ መካከል 1 ሜትር ያህል ርዝመት ካለውና ጠጠሯ በጥቂቱ ተስባ ከተለቀቀች፣ ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ዳር ለመድረስ 1 ሴኮንድ ያህል ይፈጅባታል። ስለዚህ ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ዳር 60 ጊዜ ስትሻገር አንድ ደቂቃ ያህል ሞላ ማለት ነው። በ17ኛው መቶ ዓመት መባቻ ጣልያናዊው ሐኪም ሳንቶርዮ፣ የክሩን ርዝመት ከበሽተኛው ትርታ ጋር እስኪስማማ በማስረዘምና በማሳጠር ትርታን ይለካ ነበር።

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው ስለ ቍጥር ነው። «ፍጥነት» የሚለው ቃል ግን በፊዚክስ ሌላ ትርጉም አለው። ቍጥር «በደቂቃ ስንት ጊዜ?» የሚል ጥያቄን ሲመልስ፣ ፍጥነት «በሴኮንድ ስንት ሜትር?» የሚለውን ይመልሳል። ለዚህም በቡሄ ሰሞን ጅራፍ የሚያጮኹትን ልጆች ማስተዋል ይበቃል። ልጁ እጁን በኀይል ሲወነጭፍ በጅራፉ ላይ አንድ ዕጥፋት ይፈጠርና ወደ ጫፉ ይሮጣል። ጅራፉ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ስለሚሄድ እንቅስቃሴው እየፈጠነ ይሄዳል፤ የምንሰማውም ጩኸት የሚፈጠረው ጫፉ በአየር ውስጥ ከሚጓዘው የድምፅ ፍጥነት፣ ማለትም በሴኮንድ ከ340 ሜትር ገደማ፣ በልጦ ሲወነጨፍ ነው።

በትምህርት ቤት ግቢም 10 ሜትር ርዝመት ያለው ወፍራም የቃጫ ገመድ ከዛፍ ላይ አስሮ፣ ወጠር አድርጎ ይዞ አንድ ጊዜ መምታት ይቻላል። ዕብጠቱ ሁለት ጊዜ ደርሶ መልስ ቢጓዝ 40 ሜትር ሄዷል፤ ይህም 2 ሴኮንድ ቢፈጅ ፍጥነቱ በሴኮንድ 20 ሜትር ነው። ገመዱ ይበልጥ ሲወጠር ፍጥነቱም ይጨምራል፤ ውጥረቱ 4 ዕጥፍ ቢሆን ፍጥነቱ 2 ዕጥፍ ይሆናል።

በደም ቅዳ ውስጥ የሚጓዘው የትርታ ሞገድም ይህን የመሰለ ጠባይ አለው። ሞገዱና ደሙ ግን አንድ አይደሉም። በጐጃም ገጠር መርዶ ወይም የድረሱልኝ ጥሪ ከኰረብታ ወደ ኰረብታ በድምፅ ሲተላለፍ፣ ጥሪው በእግሩ ከሚጓዘው መልእክተኛ ቀድሞ ይደርሳል። እንደዚሁም ደም በትልቁ ደም ቅዳ ውስጥ በአማካይ በሴኮንድ ከግማሽ ሜትር በታች ሲጓዝ፣ ሞገዱ በወጣት ሰው ዘንድ ከ5 እስከ 7 ሜትር ያህል ይጓዛል። ዊልያም ሃርቪ የደምን ዝውውር እ.ኤ.አ. በ1628 ካስረዳ በኋላ፣ እንግሊዛዊው ቶማስ ያንግ በ1808 ስለ ሞገዱ ጽፏል። በ1878 ደግሞ ሞንስና ኮርቴቬግ የተባሉ የኔዘርላንድ ሊቃውንት፣ ግድግዳው ሲደድርና ሲወፍር ሞገዱ እንደሚፈጥን፣ ቧንቧው ሲሰፋ ግን እንደሚዘገይ በቀመር አሳዩ።

በዘመናዊ ሕክምና ይህ ፍጥነት የሚለካው አንዱን መሣሪያ ከአንገት፣ ሌላውን ከብሽሽት ላይ በማድረግ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 0.5 ሜትር፣ የመድረሻ ጊዜያቸው ልዩነት 0.08 ሴኮንድ ቢሆን፣ ፍጥነቱ በሴኮንድ 6.25 ሜትር ይሆናል። የጊዜው ልዩነት 0.04 ሴኮንድ ቢሆን ግን 12.5 ሜትር ይደርሳል። ከ10 ሜትር በላይ የሆነ ፍጥነት ደም ቅዳው መደደሩን ያመለክታል። ዕድሜና የደም ግፊት ያደደሩት ደም ቅዳ የልብን ሥራ ያከብዳል፤ አንጎልንና ኵላሊትንም ይጐዳል።

እንግዲህ በደቂቃ 60 ጊዜ ብቻ የሚመታ ትርታ በፈጣን ሞገድ፣ 128 ጊዜ የሚመታውም በዝግተኛ ሞገድ ሊጓዝ ይችላል። የሞገዱን ፍጥነት ለማወቅ ልዩ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ ቍጥሩን ለማወቅ ግን ጣትና ሰዓት ይበቃሉ። ከወሳንሳው ጐን የሚሄደው ተማሪ ቍጥሩን ከነሰዓቱ በማስታወሻው ላይ ቢያሰፍር፣ ሐኪሙ እኅቱን ለመርዳት የሚያስፈልገውን ጊዜ አተረፈለት ማለት ነው።

መልመጃ

1. «ትርታዋ ፈጥኗል» የሚለው ዐረፍተ ነገር ሊኖሩት የሚችሉትን ሁለት ትርጉሞች ለይታችሁ ጻፉ።
2. ደም በሚፈስበት ጊዜ የትርታ ቍጥር የሚጨምርበትን ምክንያት በራሳችሁ አባባል አስረዱ።
3. «ወሳንሳ»፣ «አንጓ»፣ «መደደር» የሚሉትን ቃላት በዐረፍተ ነገር አስገቡ።
4. ከሩጫ በፊትና በኋላ ትርታችሁን ቍጠሩና ውጤቱን በአንድ አንቀጽ ግለጹ።