ስለ እንጨት ቤት አሠራርና ስለ ዕድሜው ለባለትዳሮች የቀረበ ምክር

በአገራችን ልጅ አግብቶ ከወላጆቹ ተለይቶ መኖር ሲጀምር «ጎጆ ወጣ» ይባላል። ቋንቋችን ትዳርንና ቤትን በአንድ ቃል ማሰሩ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ትዳር ያለ ቤት፤ ቤትም ያለ ምክር እንደማይጸና አባቶቻችንና እናቶቻችን አውቀውት ኖረዋልና። ስለዚህ በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን በእንጨት ስለሚሠራ ቤት ጥቂት ለመናገር አሰብን። ይኸውም ቤት ለመሥራት ያሰበ ሰው ገንዘቡን አስቀድሞ በምን ላይ ማውጣት እንደሚገባው ለማስታወቅ ነው።

ለነገራችን መነሻ የምናደርገው በአዲስ አበባ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፤ በካዛንቺስ አጠገብ ያለውን የባምቢስን ሰፈር ነው። ባምቢስ የሚለው ስም ከአንድ የግሪክ ተወላጅ የንግድ ቤት የመጣ ነው። ካዛንቺስ የሚለውም ኢጣልያ አገራችንን በግፍ በያዘችበት፤ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ጊዜ፤ ለመንግሥቷ ሠራተኞች ቤት ያሠራ ከነበረው «ኢንቺስ» ከተባለው ድርጅት የቀረ ነው፤ «ካዛ» በኢጣልያንኛ ቤት ማለት ነውና። በዚያ አካባቢ ከድንጋይ ቤቶቹ ጋራ ተጎራብተው በባሕር ዛፍና በጭቃ የተሠሩ እጅግ ብዙ ቤቶች ነበሩ፤ ልጅ ተወልዶባቸዋል፤ ሠርግ ተደግሶባቸዋል፤ ሐዘንም ተቀምጠውባቸዋል። በ2017 ዓ.ም. በተደረገው የኮሪደር ልማት ሥራ ከካዛንቺስ ቤቶች ብዙዎቹ ፈርሰው፤ ነዋሪዎቹ ወደ ሌላ ስፍራ ሄደዋል። ከእነርሱም ሆነ ከሌላው ሰው መካከል እንደገና ጎጆ ለመቀለስ የሚያስብ ቢኖር፤ አሮጌዎቹ ቤቶች የሚያስተምሩት ነገር አለ።

የቆየ የጭቃ ቤት ሲፈርስ ቆሞ የተመለከተ ሰው ይህን ያያል። የግድግዳው ቋሚ ወገቡና ራሱ ደኅና ሆኖ ሳለ፤ ከመሬት ጋራ የተገናኘበት ስፍራ ግን በስብሶ እንደ ትምባሆ ይፈርሳል። የጣራውም እንጨት ቆርቆሮው ባፈሰሰበት ብቻ ጠቁሮ ሲገኝ፤ ባላፈሰሰበት በኩል እንደ ተቆረጠበት ቀን ጠንካራ ነው። ስለዚህ እንጨትን የሚያጠፋው እርጅና ሳይሆን ውሃ ነው ማለት ነው። ሊቃውንት እንደሚያስረዱት እንጨት የሚያበሰብሰው ሻጋታ የሚኖረው በርጥብ እንጨት ነው፤ በውስጡ ያለው ርጥበት ከክብደቱ ከመቶ 20 በታች ሆኖ ከቆየ እንጨት አይበሰብስም።

አዲስ አበባ ከእንጨት ጋራ ያላት ታሪክም የታወቀ ነው። ከተማይቱ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ በዙሪያዋ የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት እየተቆረጠ አለቀ። ዳግማዊ ዓፄ ምኒልክም በ1893 ዓ.ም. ገደማ ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር። ነገር ግን ከባሕር ማዶ የመጣው ዛፍ ፈጥኖ የሚያድግ ሆኖ ስለ ተገኘ ከተማይቱ በስፍራዋ ጸናች፤ ባሕር ዛፍ መባሉም ስለዚሁ ነው። ሆኖም ፈጥኖ ያደገ እንጨት ደካማነት አለው፤ ርጥቡን ከተመታ እየደረቀ ይጣመማል፤ ይሰነጠቃል፤ መሬት ውስጥ ከተቀበረም ምስጥ ፈጥኖ ይበላዋል። ጽድና ወይራ ከርሱ ይልቅ ይታገሣሉ፤ ነገር ግን ደናችን ስለ ተመናመነ ለቤት ብሎ እነርሱን መቁረጥ አይገባም።

አሁን አንድ የቤተ ሰብ አባት ቤት ሊሠራ አስቧል እንበል። በወረቀት ላይ ሰፊ ሳሎን፤ በፊቱም ቅርጽ የወጣለት በረንዳ ሥሎ ለባለቤቱ አሳየ። ወይዘሮይቱም ወረቀቱን ተመልክታ፤

«እጅግ ያማረ ነው። እናትዎ የሚተኙበት ክፍል ግን የት ነው?» አለች።

«ከላይ፤ በድርቡ ላይ ይሆናል» አላት።

«በክረምት ሌሊት ያን ደረጃ እንዴት አድርገው ይወርዱታል? ማድ ቤቱስ ከእንጨቱ ግድግዳ ጋራ ተጣብቆ እሳት ቢነሣ ልጆቹ በየት በኩል ይወጣሉ?» ብላ ጠየቀችው።

ባልዮው መልስ ስላጣ አናጢውን አስጠራ። አናጢውም ሥዕሉን አይቶ፤ «ጌታዬ፤ እመቤቴ የተናገሩት እውነት ነው። እኔም የምጨምረው አለኝ። ለበረንዳው ቅርጽ ያሰቡትን ገንዘብ ለመሠረቱ ያድርጉት፤ ቅርጹ ከዓመት በኋላም ይደርሳል፤ መሠረቱ ግን ቤቱ ከቆመ በኋላ አይገባለትም» አለው።

በዚህ ምሳሌ የቤት ሥራ ዋና ነገሩ ሁሉ ይገኛል። አስቀድሞ ባልና ሚስት አብረው ይቀመጡና በቤቱ የሚኖረውን ሰው፤ የሚመጣውን እንግዳ፤ የሚያረጀውን ወላጅ ይቍጠሩ። ከዚያም በወረቀት ያሰቡትን በቦታው ላይ በችካልና በገመድ ምልክት አድርገው፤ በገመዱ ውስጥ ገብተው እየተመላለሱ ይዩት። በወረቀት ሰፊ የመሰለው በእግር ሲለካ ጠባብ ይሆናል። የመኝታ ክፍሉ የጧት ፀሐይ ቢያገኝ ለጤና ይስማማል። ማድ ቤቱ ከዋናው ቤት ይለይ። ከሁሉም በፊት ከከተማው ሹም የሥራ ፈቃድ ይውሰዱ።

ሥራው ሲጀመር፤ እንጨቱ በበጋ ተቆርጦ ተልጦ በጥላ ሥር በሚገባ የደረቀ ይሁን። የመስቀል በዓል እንዳለፈ መጀመር መልካም ነው፤ በአዲስ አበባ በዓመት 1,200 ሚሊሜትር ያህል ዝናም ይዘንማል፤ አብዛኛውም በሰኔ፤ በሐምሌ፤ በነሐሴና በመስከረም ነውና፤ ሰኔ ሳይገባ ጣራው መከደን አለበት። ቋሚውን ጉድጓድ ቆፍሮ ከመቅበር ይልቅ፤ ከመሬት በላይ ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ያለ የድንጋይ መሠረት ማሠራት ይሻላል። በድንጋዩ ላይ ጠንካራ እንጨት አግድም ይነጠፍና በብረት ይታሰር፤ ቋሚዎቹም በርሱ ላይ ይቁሙ። በየማዕዘኑ በሰያፍ የሚገባ ድጋፍ አይቅር፤ በ2017 ዓ.ም. በአዋሽና በፈንታሌ ወገን የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ እስከ አዲስ አበባ ድረስ መሰማቱን አንባቢዎቻችን ያስታውሳሉ፤ በሚገባ የተሳሰረ የእንጨት ቤት ሲናወጥ ይታጠፋል እንጂ በቶሎ አይወድቅም።

ጣራው ከግድግዳው እልፍ ብሎ ይውጣ፤ አሸንዳም ይደረግለት፤ ውሃውም በቦይ ከቤቱ ይራቅ። ከዚህ በኋላ ማገሩ ይመታል፤ ጭቃውም ከጤፍ ጭድ ጋራ ተረግጦ፤ ለብዙ ቀን እየተገላበጠ ከበሰለ በኋላ ይመረጋል። የመጀመሪያው ምርጊት ደርቆ ከተሰነጠቀ በኋላ ሁለተኛው ይደረባል። ብዙ ሰው ቤቱ እንዲያምርለት በጭቃው ላይ ሲሚንቶ ያስለስናል፤ ይህ ግን ስሕተት ነው፤ ሲሚንቶ ከውስጥ የገባውን ርጥበት እንዳይወጣ ስለሚከለክል እንጨቱን በስውር ያበሰብሰዋል። በጭቃ ላይ የሚስማማው የጭቃ ልስንና ኖራ ነው።

ይህ ምክር ለእኛ ብቻ የተነገረ አይደለም። በኖርዌይ አገር ጥንታውያን የእንጨት አብያተ ክርስቲያናት አሉ። የመጀመሪያዎቹ ቋሚያቸው በመሬት የተቀበረ ስለ ነበረ ጠፉ፤ ኋላ በድንጋይ ላይ ከፍ ብለው የተሠሩት ግን፤ እንደ ቦርጉንድ ያለው፤ ከ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ እስከ ዛሬ ቆመዋል። በእኛም አገር በላስታ፤ በዛጉዌ ነገሥታት ዘመን የታነጸው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን፤ ግድግዳው በድንጋይና በእንጨት እየተፈራረቀ የተሠራ ነው። በዋሻ ውስጥ ስላለ ዋሻው ጣራ ሆኖ ዝናሙን ከለከለለት፤ እንጨቱም ከስምንት መቶ ዓመት በላይ ኖረ። ከባምቢስ ወደ መስቀል አደባባይ ወረድ ያለ ሰውም የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤልን ቤት ያገኛል፤ ይህ ቤት የአዲስ አበባ ሙዚየም ሆኖ ስለሚጠበቅ፤ የዚያ ዘመን መኳንንት ቤታቸውን በምን ዓይነት አሳብ ያሠሩ እንደ ነበር ያስረዳል።

ጠባቂ ማለታችን ካልቀረ አንድ ነገር እንጨምር። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሁሉ የመንግሥት ሆነ፤ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑትም ለቀበሌ ተሰጡ። ኪራዩ አነስተኛ ስለ ነበረ ለጥገና አልበቃም፤ ተከራዩም የኔ ያልሆነውን ለምን አድሳለሁ እያለ ተወው። ብዙ ቤት ያረጀው በዚህ ምክንያት ነው እንጂ ከጭቃ በመሠራቱ አይደለም። አንድ የላላ ቆርቆሮ በጊዜው በምስማር ቢመታ ወራጁን፤ ወራጁ ቢድን ግድግዳውን፤ ግድግዳው ቢድን የሚኖርበትን ቤተ ሰብ ያድናል።

እንግዲህ ክቡራን አንባቢዎቻችን ሆይ፤ የእንጨት ቤት የሚጸናው በማይታየው ነው። እንግዳ ገብቶ የሚያመሰግነው የበረንዳውን ቅርጽና የሳሎኑን ቀለም ነው፤ በሐምሌ ሌሊት ዝናሙ ሲወርድ ግን ልጆቻችሁንና አሮጊት እናታችሁን በሰላም የሚያስተኛቸው ማንም ያላመሰገነው የመሠረት ድንጋይና ማንም ቀና ብሎ ያላየው አሸንዳ ነው። ገንዘባችሁ ለሁሉ የማይበቃ የሆነ እንደሆነ፤ የሚታየው ይቆይ፤ የማይታየው ይቅደም።