የከተማ አስተዳደርና ትዊተር፦ ከኹን ምን እንማራለን?

የአካባቢ አስተዳደር ለሕዝብ በጣም ቅርብ የሆነው የመንግሥት እርከን ነው። ውሃ ሲጠፋ፣ ቆሻሻ ሳይነሳ ሲቀር፣ ሰው መጀመሪያ አቤት የሚለው እዚያ ነው። ዛሬ ብዙ አስተዳደሮች የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ አላቸው። ታዲያ ገጹ የስብሰባ ፎቶ መለጠፊያ ብቻ ነው ወይስ ሥራ ይሠራበታል? ለዚህ አንድ ትንሽ ከተማ በምሳሌነት እንይ።

ኹን በደቡብ ስፔን፣ በግራናዳ አጠገብ የምትገኝ ስትሆን ወደ 3,500 ነዋሪዎች አሏት። በጊዜው ከንቲባ የነበሩት ሆሴ አንቶኒዮ ሮድሪጌስ ሳላስ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ነዋሪው ትዊተር (የዛሬው ኤክስ) እንዲከፍት ይገፋፉ ነበር። አሠራሩ ቀላል ነበር። ነዋሪው ማዘጋጃ ቤት ሄዶ አካውንቱ የራሱ መሆኑን ያስረጋግጥ ነበር፤ ስለዚህ የሚጽፈው ሰው ማን እንደሆነ ይታወቅ ነበር። በሌላ በኩል ከከንቲባው ጀምሮ እስከ ፖሊሱ፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛውና የመንገድ ጽዳት ሠራተኛው ድረስ አካውንት ነበራቸው።

በ2015 የኤም አይ ቲ ተመራማሪዎች ስለ ከተማዋ ሲጽፉ አንድ ነገር ጠቅሰዋል። አንድ ነዋሪ ማታ የመንገድ መብራት መጥፋቱን ለከንቲባው ይጽፋል። ከንቲባው በደቂቃዎች ውስጥ መልስ ይሰጡና ጉዳዩን ለኤሌክትሪክ ሠራተኛው ያስተላልፋሉ። በማግሥቱ ሠራተኛው የተጠገነውን መብራት ፎቶ ይለጥፋል። እዚህ ላይ ዋናው ነገር ፍጥነቱ ብቻ አይደለም። ጥያቄው፣ ትእዛዙም ሆነ ውጤቱ በሁሉም ሰው ፊት ነው የሚታየው። ቸል ያለ ይታያል፤ የሠራም ይመሰገናል። በተለምዶ የማይታየው የጽዳት ሠራተኛም ስሙ ይነሳል።

ይሁን እንጂ በጥንቃቄ ማየት ያስፈልጋል። የጥናቱ ቤተ ሙከራ በ2014 ከትዊተር 10 ሚሊዮን ዶላር ያገኘ ሲሆን፣ ኃላፊው ዴብ ሮይም በጊዜው የኩባንያው ባልደረባ ነበሩ። በዚያ ላይ በ3,500 ሰው መንደር የተሳካው ሚሊዮኖች በሚኖሩበት ከተማ ላይሳካ ይችላል። ስልክ የሌለው ወይም ማንበብ የማይችል ሰውም አለ፤ የሱ አቤቱታ ወረፋ ላይ ቆሞ መቅረት የለበትም። መስመሩም ሊዘጋ ይችላል። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2023 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ለወራት ተገድበው ነበር። አገልግሎቱን በሙሉ እዚያ ላይ የጣለ መሥሪያ ቤት ያኔ ምን ይሆናል?

እንግዲህ የአንድን ወረዳ ወይም ማዘጋጃ ቤት ገጽ ስንገመግም የተከታዩን ብዛት መቁጠር አይበቃም። ሦስት ነገሮችን እንጠይቅ፦ ለቀረበ አቤቱታ መልስ የሚሰጠው ማን ነው? መልሱ ወደ ሥራ ክፍሉ ይደርሳል ወይ? ውጤቱስ ለጠያቂው ይነገራል? ሦስቱም ከሌሉ ገጹ የማስታወቂያ ሰሌዳ ነው፤ ተሳትፎ ልንለው አንችልም።