«እርማት» ወይስ «ለውጥ»? በጋራ ስለሚጻፍ መዝገበ ዕውቀት የስያሜ ክርክሮችና ስለ አማርኛ አቻ ቃሎቻቸው

ብዙ ሰዎች በጋራ በሚጽፉት የበይነ መረብ መዝገበ ዕውቀት ውስጥ እጅግ የሚከርሩት ክርክሮች ብዙ ጊዜ በአንዲት ቃል ላይ የሚነሡ ናቸው። ስለዚህም ጉዳዩ የመዝገበ ቃላትንና የትርጉም ባለሙያዎችን በቀጥታ ይመለከታል። በዚህ ጽሑፍ በ2001 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የተመሠረተው ዊኪፔዲያ፥ በተለይም የእንግሊዝኛው ክፍል፥ እነዚህን ክርክሮች የሚፈታበትን መንገድ እናብራራለን፤ ለጽንሰ ሐሳቦቹም የሚስማሙ የአማርኛ ቃላት እንመርጣለን።

ለአብነት የምንወስደው በባልቲክ ባሕር ዳርቻ ያለችውን የፖላንድ ከተማ ነው። ፖላንዳውያን «ግዳንስክ»፥ ጀርመኖች «ዳንዚግ» ይሏታል። በ1308 የቴውቶን ፈረሰኞች ማኅበር ያዛት፤ በ1454 በፖላንድ ንጉሥ ሥር ገባች፤ በ1793 ለፕሩሲያ ተላለፈች፤ ከ1920 እስከ 1939 ነጻ ከተማ ነበረች፤ በ1945 ወደ ፖላንድ ተመለሰች። («ተመለሰች» ወይስ «ተሰጠች» የሚለው ምርጫ ራሱ ክርክር ያስነሣል።) አንዱ ጸሐፊ «ግዳንስክ» ሲል ሌላው ሰርዞ «ዳንዚግ» እያለ ብዙ ገጾች ሲናወጡ ቆዩ። በ2005 በተሰጠ ድምፅ ስሙ እንደየዘመኑ እንዲለይ ተወሰነ፤ ይኸውም ከ1308 በፊትና ከ1945 በኋላ «ግዳንስክ»፥ በመካከሉ «ዳንዚግ» እንዲባል ነው። በሕይወት ታሪክ ላይ ግን ባለታሪኩ በግልጽ ጀርመናዊ ከሆነ መጀመሪያ «ዳንዚግ (ግዳንስክ)»፥ በግልጽ ፖላንዳዊ ከሆነ «ግዳንስክ (ዳንዚግ)» ተብሎ ይጻፋል። በ1788 እዚያ የተወለደው ፈላስፋ ሾፐንሃወር በመጀመሪያው ወገን ይመደባል። ውሳኔው «ከተማይቱ የማን ናት?» የሚለውን ጥያቄ ሳይነካ ማለፉን እንደ ብልሃት እንቆጥረዋለን። ሆኖም መዝገበ ዕውቀቱ ክርክርን በድምፅ ብልጫ አለመፍታቱን መርሑ አድርጎ የያዘ በመሆኑ ይህ እንደ ልዩ ሁኔታ ሊታይ ይገባል።

የተለመደው አካሄድ ሌላ ነው። በ2004 በወጣው ደንብ መሠረት በ24 ሰዓት ውስጥ የአንድን ገጽ ይዘት ከሦስት ጊዜ በላይ ወደ ቀድሞው የመለሰ ጸሐፊ ሊታገድ ይችላል። ተከራካሪዎች በውይይት ገጽ ምንጮቻቸውን ያቀርባሉ፤ ካልተግባቡ የሌሎችን አስተያየት ይጠይቃሉ። የመጨረሻው አካል ኮሚቴ ሲሆን፥ የሚዳኘው የጸሐፊዎችን ጠባይ እንጂ የጽሑፉን ይዘት አይደለም።

አሁን ወደ ቃሎቹ እንለፍ። አንድን ጽሑፍ መቀየርን «ማረም» ማለት የተለመደ ነው። ነገር ግን «እርማት» ሲባል ቀድሞ ስሕተት መኖሩ አብሮ ይነገራል። «ግዳንስክ» የሚለውን ወደ «ዳንዚግ» ያዞረ ሰው «አረመ» ከተባለ ተርጓሚው ሳያስበው ፈርዷል። «ማሻሻያ» የሚለውም ከዚሁ ነቀፋ አያመልጥም። ስለዚህ «ለውጥ» የሚለውን እንመርጣለን፤ ተደጋጋሚውንም ፍጥጫ «የለውጥ ሽኩቻ» እንላለን። ጽሑፍን ወደ ቀድሞ ይዞታው ማድረግ «ምልሰት» ቢባል ይስማማል፤ «ግልበጣ» የመንግሥት ለውጥን ያስታውሳልና አይመረጥም።

«ገለልተኛ አመለካከት» የሚለው ስያሜም ያጠራጥራል። «ገለል ማለት» ከነገሩ መራቅ ነው፤ መርሑ የሚጠይቀው ግን የታመኑ ምንጮች የያዟቸውን ዋና ዋና አስተያየቶች እንደየክብደታቸው ማቅረብን ነው። «ሚዛናዊ አቀራረብ» ይቀርበዋል፤ እርግጥ ሚዛን ሲባል ሁለት እኩል ወገኖችን የሚያስብ አንባቢ አይጠፋም። ኮሚቴውን «የሽምግልና» ከማለት «የግልግል ዳኝነት» ማለት ይሻላል፤ ሽማግሌ እርቅን ይሻል፥ ኮሚቴው ግን አስገዳጅ ውሳኔ ይሰጣል።

የግዳንስክ ደንብ ለእኛም ተርጓሚዎች ይጠቅማል። ቢሾፍቱ በንጉሡ ዘመን «ደብረ ዘይት»፥ አዳማም «ናዝሬት» ተብለው እንደ ነበር ይታወቃል። የዚያን ዘመን ሰነድ የሚተረጉም ሰው በሰነዱ ያለውን ስም ሳይለውጥ አስቀምጦ በመጀመሪያው ቦታ ብቻ ሌላውን ስም በቅንፍ እንዲያክል፥ በራሱ መግቢያና ማብራሪያ ግን የዛሬውን መጠሪያ እንዲያስቀድም እንመክራለን።